ወደ ኋላ የማይመለሰው ማሽን

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠዋት ጣት አይታዘዝም። ያንን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ይህን አያውቅም ነበር፤ ቢያውቅም ግድ አልነበረውም።

በደርግ መጨረሻ ግድም የምሠራበት የማዳበሪያና የምርጥ ዘር መጋዘን አንድ ኮምፒውተር ተሰጠው። እንደ ታቦት በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ ነበር፤ ወዳለበት ክፍል የሚገባውም ጫማ ተወልቆ ነው። አብሮት የመጣው ፈረንጅ ፕሮግራሙን ጻፈልን፣ የአንኮበርን ገደል ፎቶ አነሳና አገሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለ ማሽኑ አንድ ጆንያ አይወጣም ተባለ። የዕቃው፣ የመኪናውና የሚሄድበት ቦታ መለያ በአንድ ረጅም መስመር ይጻፋል። አንዲት ፊደል ከሳትክ አለቀልህ። ማጥፊያውን ስትጫን ፊደሉን በማጥፋት ፈንታ ሌላ የማይታወቅ ምልክት ይጨምርልሃል። መስመሩን ስትልከው ማሽኑ ይጮህና ሁሉንም ይጥለዋል፤ አንተም እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ያ ሰውዬ ሰው የማይሳሳትበት አገር ተወልዶ ይሆን እላለሁ እስከ ዛሬ።

ማሽኑ ላይ የተመደበችው ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የአንኮበር ሴት ናት፤ እትዬ ነበር የምላት። ጣቶቿ ብርድ ሲነካቸው ያብጣሉ። ጠዋት እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ታሞቃለች፣ ትጽፋለች፣ ትስታለች፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ «አበስኩ ገበርኩ!» ትላለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

ጩኸቱን ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ የሚያዳምጥ አለቃ ነበረን። የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፣ የውይይት ክበቡም ሊቀመንበር ነው፣ በራሱ አስተያየት ደግሞ የሁሉም ነገር ሊቅ ነው። አርብ አርብ ሂስና ግለ ሂስ አለ። ሌላው ሠራተኛ አርፍጃለሁ፣ አምቻለሁ ብሎ ሲገላገል፣ እትዬ ግን ተነስታ ያበላሸችውን መስመር ሁሉ በሰው ፊት ትናዘዝ ነበር። አለቃችን ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!» ይልና ከወንበሩ ላይ ብድግ ይላል። እሱ በሕይወቱ አንድ ነገር መጥኖ ደቁሶ አያውቅም።

አንድ አርብ፣ በዚሁ ከቀጠለች ቆላ ወዳለው የሰፈራ ጣቢያ እንደምትዛወር ነገራት። እትዬ ከስብሰባው ስንወጣ ነው ያለቀሰችው።

«እኔስ ወባውንም እችለዋለሁ» አለችኝ። «እናቴን ምን ላድርጋት? ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ በእግሯ ተምራዋለች። ማንም አይመራትም። ቆላ ብወስዳት ሁለተኛ ጊዜ ትታወራለች፣ አንተ ልጅ።»

ያን ቀን ተናደድኩ። አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ኮምፒውተር ተምሬ ነበር፤ ፈረንጁም ፕሮግራሙን የጻፈበትን ዲስኬት ትቶልን ሄዷል። በየምሳ ሰዓቱ ሌላው ሽሮውን ሲበላ እኔ እዚያ ክፍል እየገባሁ ማሽኑን ጨዋነት አስተማርኩት። መስመሩ እስኪላክ ድረስ በጸሐፊው እጅ እንዲቆይ አደረግሁ። ማጥፊያው ማጥፋት ጀመረ። በቀስት ቁልፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመሐል አንዲት ፊደል ብቻ ማውጣት፣ ወይም መሰንቀር ተቻለ። ደግሞ ማሽኑ ያለፉትን መስመሮች እንዲያስታውስ አደረግሁት። ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ስትጫን የቅድሙ መስመር እንዳለ ይመጣል፤ ለሰላ ድንጋይ የጻፍከውን ጠርተህ መድረሻውን ብቻ ወደ አረርቲ ትቀይረዋለህ። ይኸው ነው። ተአምር አይደለም፤ እርሳስና ላጲስ የያዘ ተማሪ ሁሉ ያለው መብት ነው።

እትዬ መጀመሪያ ስትሞክረው ሳቀች፣ ከዚያ «ተባረክ» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ማሽኑ አንድ ጊዜም አልጮኸም። አለቃችን በኮሪደሩ ሲመላለስ ጆሮው የሆነ ነገር እንደጎደለበት ያስታውቅ ነበር።

አርብ መጣ። እትዬ ተነሳች። «ጓዶች፣ በዚህ ሳምንት ያበላሸሁት መስመር የለም» ብላ ተቀመጠች።

«ተነሺ!» አለ አለቃችን። «ስህተት የለብኝም ማለት ከሠርቶ አደሩ በላይ ነኝ ማለት ነው!»

«ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ጓድ። ተሳስቻለሁ። ግን ሳልልከው አረምኩት።»

«ያረምሽውን ስህተት ማን አየው?»

«ማንም አላየውም።»

«ታዲያ ከብዙኃኑ ደበቅሽው ማለት ነው!»

ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጭንቅላት የተሸከመ አንገት እንዴት አልታጠፈም? ስብሰባው ግን አጨበጨበ፤ እኛ እኮ ለምንም ነገር እናጨበጭብ ነበር። ማሽኑ ስህተት ስለሚሸሽግ የድሮው ፕሮግራም እንዲመለስ ተወሰነ። እኔም በሠራሁት ነገር ተወገዝኩ። እትዬ ዳግመኛ ከሳተች ዝውውሯ እንደማይቀር በድጋሚ ተነገራት። የድሮውን መለስኩ፤ የኔን ዲስኬት ግን ኪሴ ከተትኩት።

ማክሰኞ ዕለት ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ጎብኚ መጣ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ግቢው ውስጥ ማዳበሪያ የጫኑ መኪኖች መውጫ ትእዛዝ እየጠበቁ ነው፣ የሰላ ድንጋይ ገበሬዎች ተወካዮች ካቦርታቸውን ተከናንበው ቆመዋል። እትዬ ወንበሩ ላይ ልትቀመጥ ስትል አለቃችን እጁን ዘረጋ። «ዛሬ እኔው ራሴ አሳያለሁ» አለ።

በአንድ ጣቱ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ መጻፍ ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሳተ። ማጥፊያውን ተጫነ፤ ያ ጉደኛ ምልክት ተጨመረ። ላከው። ማሽኑ ጮኸ። እንደገና ጻፈ፣ ጮኸ። እንደገና፣ ጮኸ። አንገቱ በላብ ራሰ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ! ውጭ ማካፋት ጀመረ። አንዱ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ።

«ይህ ነገር ማረሚያ የለውም እንዴ?» አለ ጎብኚው።

«አለው» አልኩ፣ አፌ ቀደመኝ። «ስህተት ይሸሽጋል ተብሎ ነው የወጣው።»

ጎብኚው አለቃችንን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «አስገባው» አለኝ። ዲስኬቱን ከኪሴ አወጣሁ።

የኔን ስጭን አለቃችን ቆሞ ያይ ነበር። ማሽኑ እንዲያስታውሰው ያንኑ መስመሩን አንድ ጊዜ እንዲደግመው ጠየቅሁት፤ ደገመው፣ እዚያው ቦታ ላይ ሳተ፣ ሳያርም ላከው፣ ማሽኑ ጮኸ። ከዚያ እትዬ ተቀመጠች። እጇን አንዴ አሸት አድርጋ ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ተጫነች። የአለቃችን መስመር ከነስህተቱ መጣ። ወደ ኋላ ሄደች፣ አንዲት ፊደል አወጣች፣ አንዲት ፊደል አስገባች፣ ላከችው። ማሽኑ ዝም አለ። ወረቀቱ ታተመ፣ መኪናውም ወጣ።

«እኔ እኮ አልተሳሳትኩም» አለ አለቃችን ለጎብኚው። «ቁልፉ ነው የተጣበቀው።»

እትዬ ከማሽኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ይሁን ጓድ» አለች። «አርብ ይነግሩናል።»

ጎብኚው ሳቀ። እሱ ስለሳቀ አለቃችንም መሳቅ ነበረበት፤ እንደዚያ የሚያንቅ ሳቅ አይቼ አላውቅም።

አርብ ሁላችንም በጊዜ ገባን፤ የሚያረፍደው ዘበኛ እንኳ ቀድሞን ተቀምጧል። አለቃችን ገባ፣ ስለ ዓለም ሁኔታ አነበበልን፣ አሁንም አነበበ። በመጨረሻ ግለ ሂሱ በጊዜ እጥረት ምክንያት ለሌላ ጊዜ መተላለፉን ገልጾ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ያ ሌላ ጊዜ መንግሥቱ እስኪወድቅ አልመጣም። የእትዬንም ዝውውር ዳግመኛ ያነሳ ሰው የለም።

የዚያን ሳምንት እሑድ ጠዋት የእትዬን እናት መንገድ ላይ አገኘኋት። ማንም ሳይመራት፣ በትሯን ይዛ፣ ብርዱን እየረገመች ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።