ለማሽኗ የተደበቀ ጀሪካን

አጎቴ ያረጁ የድንጋይ መቁረጫ ማሽኖች እየገዙ ቃሊቲ ግቢያችን ውስጥ ያድሱ ነበር። ኩሽኔታ ቀይረው፣ ዲስኩን አጥብቀው ሲጨርሱ፣ ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ሁልጊዜ «መጀመሪያ ውሃ አጠጧት» ይሉናል፣ ከመንገድ እንደገባች እንግዳ። ዲስኩ ያለ ውሃ ድንጋይ ከነካ ይቃጠላል። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋም ለማሽኗ አንድ ጀሪካን ውሃ ይደብቃሉ።

እናቴ ታኮርፍ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ እኛ ፊታችንን ሳንታጠብ ብረት ይጠጣል?»

«ተጠምታ መጥታ እኮ ነው» ብለው ይስቃሉ።

ካረፉ በኋላ የመጨረሻዋ ማሽን ግማሽ ተሠርታ ሸራ ለብሳ ቀረች። በርጩማቸውም አጠገቧ ባዶውን ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። አርባቸው ካለፈ በኋላ ግን ማሽኗን ሊሸጡላት ቃል የገቡላት ኦፓል ቆራጭ ልጅ ከሳሪስ መጣች። ባዶ እጇን መመለስ አልሆነልኝም። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና ሲሠሩ ያየሁትን እያስታወስኩ የቀረውን ኩሽኔታ ገጠምኩት።

ያን ሰሞን የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ነበር። ማብሪያውን ልጫን ስል እናቴ ከጓዳ ጀሪካን አንጠልጥላ ወጣች። ለካ ለእኛ ሳትናገር ደብቃው ኖሯል።

«ቆዪ» አለችኝ፣ ከዲስኩ ሥር ያለውን ገንዳ እየሞላች። «መጀመሪያ ውሃ ትጠጣ።»