የለዘበው ማጭዴ

ከወንዛዬ ፍል ውኃ ስመለስ ማጭዴ ለዝቦ ጠበቀኝ። መሬቴን በእኩል የሚያርስልኝ ጎረቤቴ ሚስት የበሰበሰውን እጀታ ላውጣላቸው ብላ የገለባ እሳት ውስጥ ከታው ኖሯል። አዲስ እጀታ አግብታበት «አማረልዎ?» አለችኝ።

«አማረ፣ እግዜር ይስጥሽ» አልኳት። የሩዝ አገዳ ላይ ብሞክረው ግን ጎበጠ።

ከባሌ የቀረኝ እሱ ነው። የአጨዳው ደቦ ደግሞ ደርሷል፤ ማጭድ የሌለው ሰው በደቦ ላይ ምን ቦታ አለው?

ባሕር ዳር ስለ ቅይጥ ብረት ለምትማረው የልጅ ልጄ ደወልኩላት።

«ብረቱ ያው ነው እማማ፤ የውስጡ አቀማመጥ ነው የተለወጠ» አለችኝ። «አቶም የሚባል በዓይን የማይታይ ቅንጣት አለ። እኔ የምማረው ቅይጥ ውስጥ ሁለት ዓይነት አቶም ይገባል። እንዲሁ ከተዘባረቀ ይለሰልሳል፤ አንዱ በሌሎቹ መሃል ቦታውን ይዞ ሲሰለፍ ግን የአውሮፕላን ሞተር እሳት እንኳ ቶሎ አይበግረውም።»

«እንደ ደቦ በይኛ! ጀማሪውን በሁለት ነባር አጫጆች መሃል ነው የምናስገባ። ጀማሪ ከጀማሪ ከተጠጋ ሰልፉ ይጎብጣል።»

ሳቀች። «የእርስዎ ማጭድ መንገዱ ሌላ ነው። ቀጥቃጭ ያግለውና ውኃ ውስጥ ይንከረው፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው መመለሻ ጊዜ ያጣሉ፣ ይጠነክራል።»

«መቼ ትመጫለሽ?»

«ፈተና አለብኝ፣ እማማ።»

ስልኩን ዘጋሁና ማጭዱን ይዤ ወጣሁ።

ወረታ ገበያ ዳር ያለው ቀጥቃጭ ማጭዱን አገላብጦ አየና «ይህን ማን ቀቀለው?» አለኝ።

«ደግ ሴት።»

አግሎ ሲነክረው ውኃው ጮኸ። ከዚያ መልሶ ለጥቂት ጊዜ እሳት አሳየው። «እንዲህ ጥቂት ካላለዘብሁት እንደ ገል ይሰበርብዎታል። ደረቅ ሰው አይደል የሚሰበር?»

በደቦው ቀን ሰልፉ ተይዞ ደረስኩ። «እማማ፣ እርስዎ ጥላው ሥር ተቀምጠው ይመርቁን» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሰልፉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ራቀ። ሳቃቸው ይሰማኛል፤ በምን እንደሚስቁ ግን አይሰማኝም።

ኋላ ለአጨዳው ጀማሪ የሆኑ ሁለት ሙሽሪቶች ጎን ለጎን የቆሙበት ቦታ ወደ ኋላ ጎበጠ። ተነሣሁና መሃላቸው ገባሁ። «ውይ፣ እማማ!» አለች አንዷ፤ ፈቀቅ አለችልኝ። ማጭዱ ቆረጠ። እስከ ድንበሩ ድረስ ወደ ኋላ አልቀረንም።

ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ለልጅ ልጄ ደወልኩ፤ አላነሣችም። ማጭዱን ጠራርጌ ባሌ ይሰቅልበት በነበረው ችንካር ላይ ሰቀልኩት።