ከላቫጆው በታች የተቀዳ ውሃ

ልጅቷ በወንዝ ጥበቃ ድርጅቱ ተለማማጅ ሆና ከገባች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ቦቲ ጫማ አጥልቃ ወንዙ ውስጥ ትገባለች፤ ከላቫጆው በላይ አንድ ጠርሙስ፣ ከላቫጆው በታች አንድ ጠርሙስ ትቀዳለች። የከበዳት መቅዳቱ አይደለም። ላቫጆው የአጎቷ ነው፤ ያሳደጋት፣ መኪና እያጠበ ያስተማራት አጎቷ። ይህን ለድርጅቱ አልተናገረችም። መጀመሪያ ማንም አልጠየቃት፤ ኋላ ደግሞ እንዴት ብላ ትናገር? ከታች የሚቀዳው ውሃ ፎስፌቱ፣ ማለትም ሳሙና ወንዝ ውስጥ የሚተወው ነገር፣ ጣራ ነክቷል። የላይኛው ግን ንጹህ ነው። አራት ሳምንት ሙሉ ያው ውጤት።

ኃላፊዋ ላቫጆው እንዲዘጋ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ አረቀቀች።

"አንዴ ቀድተሽ አምጪና ዓርብ ይላካል። ናሙናውን የወሰድሽው አንቺ ስለሆንሽ አብረሽ ትፈርሚያለሽ።"

"እሺ" አለች። እሺ ያለው አፏ እንጂ ሆዷ አይደለም።

ማክሰኞ ጠዋት ጠርሙስ ስትፈትግ የላብራቶሪው ሰውዬ ገባ። ተለማማጆቹ በሌለበት "ጠብታ" ይሉታል፤ ቃል የሚወጣው እንደ ተበላሸ ቧንቧ ነው፣ አንድ፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ።

"ምንድነው?"

"ጠርሙስ እያጠብኩ ነው፣ ጋሼ።"

"በምን?"

"በዱቄት ሳሙና ነዋ!"

ጠብታ ያለ ወትሮው ጎረፈ። "በዱቄት ሳሙና! አንቺ ልጅ፣ ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው። የታችኛው ጠርሙስ ጭቃና ግራሶ ይዞ ስለሚመጣ ያስጠላኛል። የላይኛውን ለቅለቅ ነው የማደርገው።"

"በወንዙ ውሃ ሦስቴ ለቅለቅ፣ ሳሙና እንዳይነካው አላልኩም?"

"ብለዋል። እኔ ለሰነፎቹ መስሎኝ ነው።"

ጠብታ የፈተገችውን ጠርሙስ የተጣራ ውሃ ሞልቶ ለካው። ቁጥሩ ከታችኛው ውሃ ቁጥር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። የተጣራ ውሃ እንግዲህ ላቫጆ አጠገብ አያልፍም!

ልጅቷ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ያኔ ደብቃ ያቆየችው ሁሉ አምልጧት ወጣ። "ላቫጆው የአጎቴ ነው።"

ኃላፊዋ ተጠርታ ሁለቱንም ጥፋት ባንዴ ሰማች። ደብዳቤውን ቀደደችው። ልጅቷ ጓዜን ልጠቅልል ስትል፣ "ተቀመጪ" አለቻት። "እዚያ የሚቀዳው ካሁን ወዲያ ሌላ ሰው ነው። ዘመድሽን የሚነካ ነገር ሲመጣ ቀድመሽ ትናገሪያለሽ። የሳሙናውን ጉድ ደግሞ ለአዲስ ተለማማጆች የምታስረጂው አንቺው ነሽ።"

ሌላ ተለማማጅ በአዲስ ጠርሙስ ሁለት ሳምንት ቀዳ። የታችኛው ከላይኛው ትንሽ ከፍ ቢልም ከተፈቀደው ልክ አልደረሰም። ለአጎቷ የተነገረው፣ የእጥበቱ ውሃ የሚጠልበት ጉድጓድ ይቆፈር የሚል ብቻ ነበር።

ልጅቷ ወደ ላቫጆው በረረች። አጎቷ የሚኒባስ ሆድ ሥር ተጋድሞ፣ እግሩ ብቻ እየታየ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። ድምፁ ከሚኒባሱ ሥር መጣ።

"ሰሞኑን ምግብ የዘጋሽ ለዚህ ነው እንዴ?"

"ለዚህ ነው።"

በግራሶ የተለቀለቀ ፊቱን ብቅ አደረገ። "እኔ ደግሞ ፍቅር ይዟት ነው ብዬ ለአክስትሽ ነግሬያታለሁ።"

"ለአክስቴ? ለሰፈሩ በሙሉ ነግሬያለሁ በለኛ!"

"ሙሽራውን እንኳ መርጠውልሻል።"

ጎማው ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያን ዕለት እራቷን ጠራርጋ በላች፤ አክስቷም አይታ አይታ፣ "ታርቀዋል ማለት ነው" ብላ ለጎረቤት ልታዳርስ ነጠላዋን አነሳች።