የአምስት ዓመት ጾመኛ

እስኪ የእህቴን የሐረገወይንን ነገር ልንገራችሁ፤ እስካሁን ቆሽቴ እንዳረረ ነው። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ እትዬ እላታለሁ። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። ለንደን ውስጥ ሆሎዌይ ሰፈር ካለ አንድ ትምህርት ቤት የልጆች ምሳ ተቆጣጣሪ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የወደቀ ሹካ ታነሳለች፣ የፈሰሰ ውኃ ታደርቃለች፣ አልበላም ያለውን አባብላ ታበላለች። ልጆቹ "ሚስ ሐረግ" እያሉ ይሞቱላታል። ግን አንድ አመል አላት፤ ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ ትመልሳለች። ስንቴ ተጣልተንበታል!

ዘንድሮ በሁዳዴ እኩሌታ ቲጂ የምትባል ወጣት እናት የአምስት ዓመት ልጇን ሳዶቅን ልታስመዘግብ መጣች። እንግሊዝኛዋ ገና ነው። ኦፊስ ላለችው ሴትዮ ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ "ኖ ሚልክ፣ ኖ ቺዝ፣ ኖ በተር" ትላለች። ሴትዮዋ ግራ ቢገባት በኮሪደሩ የምታልፈውን እትዬን "ምን ማለቷ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። የኔ ጉደኛ ትሪ እንደተሸከመች፣ እናትየዋን ዞር ብላ እንኳ ሳታናግር፣ "ሁዳዴ ነው፤ ይጾማሉ" ብላ አለፈች። ሴትዮዋም ፎርሙ ላይ "እስከ ፋሲካ ይጾማል" ብላ ጻፈች። አለርጂ የሚለው ቦታ ባዶውን ቀረ። አንድም ሰው ቼክ አላደረገም። አንድም ሰው!

ሳዶቅ የቀረውን ሁዳዴ ሙሉ ወተት የሌለበት ምሳ ሲቀርብለት ከረመ። ቲጂም ሰምተውኛል ብላ ልቧን አሳረፈች። ፋሲካ ሲያልፍ ስሙ ወተት ከማይሰጣቸው ልጆች ሊስት ተሰረዘና ማካሮኒ በቺዝ ሰጡት።

ሦስቴ እንኳ አልጎረሰም። "ሚስ፣ ጉሮሮዬን ይበላኛል" አላት በአማርኛ። እትዬ ውኃ ልትሰጠው ስትጎነበስ ከንፈሩ አብጧል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። ኩባያውን ወርውራ ሮጠች፤ ግድግዳው ላይ ለድንገተኛ ከሚቀመጠው ሳጥን የአለርጂውን መርፌ መንጭቃ ጭኑን ወጋችው። አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው። እግዜር ይመስገን፣ ተረፈ።

የሚያናድደው ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንቱ ርእሰ መምህሯ ሪፖርት አዘጋጅታ እትዬን ፈርሚ አለቻት። ወረቀቱ "ቤተሰቡ የተሳሳተ መረጃ በመስጠቱ" ይላል። ኧረ በሕግ! ጉሮሮዋን ይዛ የለመነችው ናት የተሳሳተ መረጃ የሰጠችው? ደሜ ፈላ። ግን ምን ልዋሽ፣ እኔው ራሴ "ፈርሚና አርፈሽ ተቀመጪ፣ ከሥራ ያባርሩሻል" ብያታለሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

እሷ ወረቀቱን ቦርሳዋ ከታ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኬንቲሽ ታውን ቲጂ ቤት ሄደች። አብሬያት ሄድኩ። ቲጂ በሩን እንደከፈተች የእትዬን ጉልበት ልትስም ተደፋች።

"ልጄን ያተረፉልኝ እትዬ! ምን ልክፈልዎት?"

"ተነሺ" አለቻት እህቴ። "ይጾማል ብዬ ለኦፊስ የነገርኩት እኔ ነኝ። አንቺን ሳልጠይቅ።"

ቲጂ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"የአምስት ዓመት ልጅ?"

"አዎ።"

"ሐበሻ አይደለሽም እንዴ?" እርስዎ ማለቱ ቀረ። "ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ መቼ ጾሞ ያውቃል? ፈረንጇስ አታውቅም። አንቺ! አንቺ ቤተ ክርስቲያን የምትስሚው!"

በሩን ዘጋችብን። ልክ ናት፤ እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።

እትዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን በንዴት ቀልቷል። ሪፖርቱን አውጥታ "ቤተሰቡ" የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘችና ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጻፈች፦ እናትየዋ በትክክል ተናግራለች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መልሳችሁ ያልጠየቃችኋት እናንተ ናችሁ። ከዚያ ፈረመች።

"ሥራሽስ?" አልኳት።

አፈጠጠችብኝ። "ጥፋቱ የእናትየዋ ነው ተብሎ ከተዘጋ ሊስቱን ማን ያስተካክለዋል? ሰኞ እኮ ልጁ ተመልሶ እዚያው ሊበላ ነው!"