ፊት የማጠብ ትምህርት

በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባለውን ሥራ የሚመራ አንድ ዶክተር ነበር። ሰውየውን ገና ከመጀመሪያው ናቅሁት፤ እስካሁንም ሐሳቤን የሚያስቀይር ነገር አላየሁበትም። ገጠር በወጣን ቁጥር የሚያስጨንቀው ባነሩ ነው። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ፣ «ትንሽ ወደ ቀኝ! አርማው አልታየም!» እያለ ያንከራትተናል። ገበሬ ከጨበጠ በኋላ እጁን በሳኒታይዘር ያሻል፤ ያውም ገበሬው እያየው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ወደምትገኝ ቀበሌ ሄድን። ትምህርቱ ስለ ትራኮማ፣ የዓይን ማዝ ስለምንለው በሽታ ነበር። ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ነጭ እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ዶክተሩ የታሸገ ውሃውን እየተጎነጨ ጀመረ።

«ፊታችሁን ጠዋት ማታ ታጠቡ። ንጽሕና ባህላችን ስላልሆነ ነው ዝንብ የሚጫወትብን።»

አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ጌታዬ፣ ምንጫችን ከነጠፈ ከረመ። ሴቶቻችን ከታች ከወንዙ ነው የሚቀዱ፤ እሱንም ከከብት ጋር ተጋፍተው።»

«ጥያቄ በመጨረሻ!» አለ ዶክተሩ፣ እጁን አንሥቶ።

መጨረሻው ሲደርስ ግን ጥያቄ የሚባል ነገር አልነበረም። «ትምህርቱ ገብቷችኋል?» ብቻ አለ።

«ገብቶናል ጌታዬ» አሉ እኒያው ሽማግሌ። «ጆሯችን ታጥቧል፤ ፊታችን ነው የቀረ።»

ሰዉ በጋቢው ተሸፍኖ ሳቀ። ዶክተሩ ምስጋና መስሎት አጨበጨበ። ጎጃም ተወልዶ ይህ ያልገባው ሰው ምን ይገባው ይሆን?

ልንነሣ ስንል አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ነጠላቸውን በግንባራቸው ላይ ጥለው፣ ብርሃን እየሸሹ ቀረቡ። ከአንገታቸው ወረንጦ ተንጠልጥሏል።

«ጌታዬ፣ የሽፋሽፍቴ ፀጉር ዓይኔን እየወጋ ፈጀኝ። እነቅለዋለሁ፤ ተመልሶ ይበቅላል።»

ዶክተሩ ዓይናቸውን አላየም። ወደ ካሜራው ባለሙያ ዞሮ፣ «ለፎቶ ጥሩ ናት» አለ። ከታሸገው ውሃ የተረፈውን በእጃቸው ላይ አፈሰሰላቸው፤ ታጠቡ፤ ፎቶው ተነሣ። «ከእንግዲህ በየቀኑ እንዲህ ነው» ብሏቸው ወደ መኪናው ሄደ።

ሴትዮዋ ውሃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ ወደ እኔ ዞሩ። «መድኃኒቱ ይኸው ነው፣ ልጄ?»

«አይደለም እናቴ። የእርስዎ በቀዶ ሕክምና ነው የሚድን።»

«ዓይኔን ሊያወጡት?»

«ኧረ አይነኩትም! ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዓይን ቆብ ብቻ ነው የሚያስተካክሉት።»

ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት እናድርሳቸው ብዬ ዶክተሩን ለመንሁት።

«አንቺ ስሜታዊ ነሽ። ፕሮግራም አለን እኮ» አለኝ።

ፕሮግራም ያለው ቡሬ ላይ የታዘዘውን ጥብስ ነው። «እንግዲያው ይሂዱ፤ እኔ እቀራለሁ» አልሁት። መስኮቱን ዘግቶ ሄደ፤ አቧራው ለእኛ ቀረ።

እኒያ ሴት ቤት አድሬ በማግስቱ አብረን ፍኖተ ሰላም ገባን። የሐኪም ቤቱ የዓይን ነርስ ቆቡን ስትሠራላቸው እጄን ምጥ እንደያዛት ሴት ጨምቀው ይዘው ነበር። ፋሻው ሲፈታ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉና ደጁን፣ ባጃጆቹን፣ ፀሐዩን ተመለከቱ።

«ተመስገን፣ እሾሁ ወጣልኝ።»

«እንግዲህ ወረንጦውን ይጥሉታላ» አልሁ።

«ምን በወጣው! እግሬን እሾህ አይወጋኝም?» ብለው ሳቁ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ።

ከወራት በኋላ ዩኒቨርሲቲው የጥናት ጉባኤ አዘጋጀ። ዶክተሩ ከረባቱን አስሮ ወጣና የሴትዮዋን ፎቶ በስክሪኑ ላይ ዘረጋው፤ ውሃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ። ከሥሩ «ከትምህርቱ በኋላ የዳነች እናት» ይላል። ደሜ ፈላ። ተነሣሁ።

«እኒህ ሴት የዳኑት በቀዶ ሕክምና ነው። እርስዎ አፍስሰውላቸው የሄዱት የጠጡትን ትራፊ ውሃ ነው። ቀበሌው ውሃ እንደሌለው ሲነገርዎትም ጥያቄ በመጨረሻ ነበር ያሉት።»

ሰውየው ግን አላፈረም፤ ለማፈርም ፊት ያስፈልጋል። ፈገግ ብሎ፣ «የሥራ ባልደረባዬን አመሰግናለሁ። የተቀናጀ አገልግሎት ማለት ይኸ ነው!» አለ።

አጨበጨቡለት። እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች አጨበጨቡለት! ብዙም ሳይቆይ ወደ ላይ ተሾመ። ከዚያን ቀን ወዲህ ንቀቴ ከእሱ አልፎ አዳራሹን አዳረሰ።

እኔም ከባነሩ ጋር መውጣት ተውሁ። ሲመቸኝ ከዓይን ነርሷ ጋር ገጠር እወጣለሁ፤ ቀዶ ሕክምናውን የሚፈሩ ሴቶችን ቁጭ ብዬ አግባባለሁ። አንዳንዷ እሺ ትላለች፤ አንዳንዷ እንቢ ብላ ትቀራለች። ሰውየውን ኮሪደር ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ሰላምታ የእግዜር ነውና። ከዚያ አልፎ አንዲት ቃል አልጨምርለትም።