በቦቴው ላይ ያረፉት መዳፎች

ከስሜ በቀር ሌላ ሰው የሚያነበው ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል፤ ስጠራ "አቤት" የምለው ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ነው። ይህን ግን ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራው እኔው ብጽፈው ይሻላል።

የምሠራው ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ነው። ብረት ከመቀባቱ በፊት ዝገቱንና አሮጌ ቀለሙን በአሸዋ እናነሳለን። ሁለት ዓመት አሸዋውን በወንፊት ስነፋ ቆየሁ። አሁን የምነፋው በኮምፕረሰር ነው፤ አሸዋውን ብረቱ ላይ የሚረጨውን ጎማ የምይዘው እኔ ነኝ። ለአቧራው የሚደረገው ቆብ ፊቴን ይሸፍነዋል፤ ሥራውን የወደድኩት አንዱ በዚህ ነው።

በክረምት መግቢያ ወደ ጾሬ የስደተኞች ጣቢያ ውሃ የሚያመላልስ አንድ ቦቴ መጣ። ከጠዋት ጀምሬ ነፋሁት፤ ላሜራው ግራጫ ሆኖ ወጣ። እንዲህ የተራቆተ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። የእጅ ላብና ቅባት ከሥር ከቀረ ቀለሙ እዚያው ላይ አብጦ ይላጣል። ዝናብ ካገኘው ደግሞ ወዲያው ይዝጋል። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

ባለቦቴው ማንጎ እየበላ መጣ።

"አይ ጥራት! ማነው የሠራው?"

"እሷ ናት" አለው የጋራዡ ባለቤት።

"ይቺ? መሬት መሬት የምታየዋ?" ሳቀና መዳፉን ላሜራው ላይ አሳረፈ።

"አይንኩት!" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

"ብነካውስ? የራሴ ብረት አይደል እንዴ!" ሁለተኛውንም እጁን ለጠፈበት።

የጋራዡ ባለቤት ዝገት የሚከላከለውን ቀለም፣ አንቲረስቱን አምጡ አለ።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ እንደገና ይነፋ" አልኩት።

"በጨርቅ ይጠረጋል። ዝናቡ መጣ እኮ!"

"በጨርቅ አይወጣም።"

"እንግዲያው ጎማውን ለሌላ ሰው ስጪና ወደ ወንፊትሽ ተመለሺ!"

መፍራቴን አልደብቅም። ዝናቡ ቢቀድመኝ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከዚያ በኋላ ጎማ የሚሰጠኝ የለም።

"ከሰጠሁም ነፍቼ ነው" አልኩና ቆቤን አጠለቅሁ። "ዞር በሉ!"

አየሩን ስከፍተው ሁለቱም ሮጡ። ባለቦቴው ማንጎውን ጥሎ ነው የሮጠው።

መዳፎቹ የነበሩበትን ቦታ አጠፋሁ፤ አቧራውንም አራገፍኩ። ጠብታ አልወረደም። የጋራዡ ባለቤት ራሱ አንቲረስቱን በጥብጦ መቀባት ጀመረ። ጎማውንም አልጠየቀኝም።

ባለቦቴው ከጸጉሩ ላይ አሸዋ አራገፈ፤ ከዚያ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቦቴውን ዞረው። ቆቤን ሳወልቅ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ያን ቀን መሬት መሬት አላየሁም፤ ዓይኑን አየሁት።

"አንቺን የሚያገባ ሰው" አለኝ፣ "ጉዱ ፈላ!"