ለትምህርት ቤት የተዋስናቸው እናት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስለ ጾም መሻሬ፣ ስለ ምላሴና ስለ ንዴቴ ስዘረዝርላቸው ኖሬ ይህችን አንዷን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ለእርስዎ፣ ለማላውቅዎት አንባቢ መንገር ቀለለኝ። እርስዎ ፊቴን አያዩም፤ እኔም ፊትዎ ሲለወጥ አላይም።

ያደረግሁት ይህ ነው። ልጄን ጥሩ ትምህርት ቤት ለማስገባት ስል የአንዲት አሮጊት ልጅ አደረግኋት። ከገባች በኋላ ደግሞ ሁለቱን ለየኋቸው። እኔ ነኝ የለየኋቸው። ማንም አላዘዘኝም፤ ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ እሱ የራሱ ሥራ አለበት።

እናኑ እባላለሁ። ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሬ በመጀመሪያ ቁረይሻ እርሻ ላይ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ አብሳይ ነበርሁ። ልጄን ማስተዋልን እዚያው ወለድኋት። አባቷ አንድ ክረምት ወደ አገር ተመልሶ ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። ከዚያ ልጄን አዝዬ ገዳሪፍ ገባሁና ገበያው ውስጥ በሐጃ ከዲጃ ሱቅ በረንዳ ላይ በርበሬና ሽሮ መሸጥ ጀመርሁ። ሐጃ ከጎንደር እስላሞች ወገን ናቸው፤ በልጅነታቸው ተድረው መጥተው ገዳሪፍ ላይ አርጅተዋል። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ጨርቅ፣ ቶቡን፣ ይሸጣሉ። በረንዳውን ሲሰጡኝ ኪራይ አልጠየቁኝም፤ ዝንቡን አባሪልኝ ብቻ አሉኝ።

ማስተዋል ስምንተኛ ክፍልን ስትጨርስ የት ትግባ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ቅርብ ነበር፤ ግን ተማሪው አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው። የግሎቹን ደግሞ ሁሉም ሰው የእኔ ልጅ ያለበት ይሻላል ይላል። እኔ የገበያ ሴት ነኝ፤ እቃን የማውቀው ሻጩ ሲያወድሰው ሳይሆን የገዛው ሰው ሲወጣ ፊቱን አይቼ ነው። ስለዚህ ቅመሜን በቅርጫት ይዤ በመውጫ ሰዓት በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምሁ። በአንዱ ልጆቹ ሲወጡ የሚያወሩት ስለ ፀጉርና ስለ ዘፈን ነው። በሌላው ከእርሻ እንደሚመለስ ሠራተኛ ዝም ብለው ይበተናሉ። የሐኪምና የሰሊጥ ነጋዴ ልጆች በሚማሩበት የሴቶች ትምህርት ቤት በር ላይ ግን ሁለት ልጆች በአንድ የሒሳብ ጥያቄ ተጣልተው አየሁ። አንደኛዋ ቁጢጥ ብላ አሸዋው ላይ በእንጨት እየጻፈች ለሌላዋ ታሳያለች። የእነዚህስ ጥል ደግ ጥል ነው አልሁ። ልጄ እዚህ ትገባለች አልሁ።

የመግቢያ ፈተናውን ማስተዋል አለፈች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ግን ሙዲራዋ፣ ማለት ርእሰ መምህሯ፣ አስጠሩኝ። የሐበሻ ልጆች ዓመቱ ሳይጋመስ ወላጆቻቸውን ተከትለው አንዴ ወደ መፋዛ እርሻ፣ አንዴ ወደ ድንበር እንደሚሄዱ፣ የስንቱ ልጅ ምኞት የነበረው ወንበርም ባዶ እንደሚቀር ነገሩኝ። እዚህ ሥር የሰደደ ዘመድ፣ እንደ እናት የሚቆምላት ሰው ካለ ይዘሽ ነይ አሉኝ። ቅር ቢለኝም እውነታቸውን ነበር።

ወደ ሐጃ ሮጥሁ። የወንድሜ ልጅ ናት ይበሉልኝ ብዬ ለመንኋቸው። ጨርቅ ማጠፋቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝና እንቢ አሉ።

«ወላሂ አልዋሽም፣ እናኑ። በዚህ ዕድሜዬ ለጌታዬ ምን እለዋለሁ? ልጄ ናት እንድል ከፈለግሽ ልጄ ትሁን። ማር አምጪና ጣቴን ትጥባ። ያን ጊዜ ያለ ሐሰት እላለሁ።»

የአገራችን ሰው ይህን ያውቃል። ሰው የሌላውን ልጅ የራሱ ሲያደርግ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ነው፤ ከሆድ ልጅ አያንስም፤ መካዱም ነውር ነው። ሐጃ ከሱቁ ፊት ለፊት የሚሠራውን ልብስ ሰፊና ሚስቱን ሃያትን ለምስክርነት ጠሩ። ማስተዋል እያፈረች ጣታቸውን ጠባች። ሐጃ ግንባሯን ስመው «ክፉሽ ክፉዬ፣ ደግሽም ደጌ ይሁን» አሉና አለቀሱ። እሷም አለቀሰች። እኔስ? እኔ የሙዲራዋ ቢሮ ሳይዘጋ እንድረስ እያልሁ በልቤ አጣድፋቸው ነበር። ለእነሱ ቃል ኪዳን ነው፤ ለእኔ ወረፋ ነው።

ሙዲራዋ ምንዎት ናት ብለው ሲጠይቁ ሐጃ ልጄ ናት አሉ፤ ዓይናቸውን አላሸሹም፣ ድምፃቸውን አላነሱም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንዴት ጥሩ አድርገው ዋሹልኝ ብዬ አደነቅሁ። ይታይዎት፤ ሴትዮዋ ላለመዋሸት ብለው ልጅ ወልደዋል፤ እኔ ደግሞ ውሸታቸውን አደንቃለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቤው አላውቅም ነበር። ሐጃ እውነተኛ እናት ሆኑ። ደብተርዋን ራሳቸው ለበዱላት፤ ትምህርት ቤቱ ወላጅ ሲጠራ እግራቸው እያመማቸው ሄዱ። ዓርብ ዓርብ ትምህርት ስለሌለ ማስተዋል እሳቸው ቤት ትውል ጀመር። ልጄ እኔን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እናኑ ብላ በስሜ ነው የምትጠራኝ፤ የእርሻ ሠራተኞቹ ሲጠሩኝ ሰምታ ለምዳው ነው፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሐጃን ግን እማ አለቻቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ውጤት ይዛ ስትመጣም በረንዳው ላይ እኔን አልፋኝ ወደ ሱቁ ገባችና ለእሳቸው አሳየች። ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥታ ነበር። ሐጃ እልል ሲሉ ሰማሁ። እኔ በርበሬ እየሰፈርሁ ነበር፤ ሰፍሬ ጨረስሁ፤ ገዢዋንም ሸኘሁ።

በዚያ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ሴት ልጅሽን ለእስላም ሰጠሻት አሉ ብላ ነክታኛለች። በኋላ ለራሴ ስመክር ይህን ምክንያት አደረግሁት። ግን ለእርስዎ ልዋሽ አልተቀመጥሁም። ሐጃ አንድ ቀን እንኳ ስለ ሃይማኖት አንስተውላት አያውቁም፤ በጾማችን ጊዜ የጾም ምግብ ለይተው ነበር የሚያስቀምጡላት። ሃይማኖት አልነበረም። ቅናት ነበር። ያጎረሰኝን እጅ ነው የቀናሁበት።

በሁለተኛው ዓመት ሐጃ ጉልበታቸው ደከመና ቤት ዋሉ። ሱቁን የባላቸው ዘመድ ስለያዘው እኔም ቅመሜን ይዤ ወደ አትክልት ተራ ዞርሁ። ያኔ ሁለቱን የምለይበት መንገድ አገኘሁ። ማስተዋልን፣ ሐጃ ሰው ሲበዛባቸው ይደክማቸዋል፣ ከእንግዲህ አትምጣ ብለዋል አልኋት። ሐጃን ደግሞ፣ ጥናት በዝቶባታል፣ ከእኩዮቿም ጋር መዋል ጀምራለች፣ የዛሬ ልጅ መቼስ ይረሳል አልኋቸው። አልረሳችም ነበር። አንድ ዓርብ ተደብቃኝ ሄዳ በራቸውን አንኳኩታለች። ያን ቀን ሐጃ ሐኪም ቤት ነበሩ፤ የሚከፍት ጠፋ። ዓይኗ አብጦ ተመልሳ «እውነትሽን ነው» አለችኝ። ዕድል ለክፉ ሥራም ትረዳለች።

በመጨረሻው ዓመት፣ ሸሃዳ የምንለው የማጠናቀቂያ ፈተና ሊጀመር ሲል ሐጃ ታመው አስጠሩኝ። ሄድሁ። አልጋው ሰፍቷቸዋል። ይቆጡኛል ብዬ መልስ አሰናድቼ ነበር፤ አልተቆጡም። ልጄ ደህና ናት ወይ አሉኝ፤ ደህና ናት አልሁ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«መታመሜን አሁን አትንገሪያት፤ ሸሃዳው ይበላሽባታል። ስንት የደከምንበት ነው። ሲያልቅ ግን፣ ኸላስ፣ ላኪልኝ። እስከዚያ እኔ አለሁ።»

የደከምንበት ነው አሉ። እኔና እሳቸው ማለታቸው ነው። እሺ አልሁ። መታመማቸውን ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ በመደበቄ የሠራሁት ኃጢአት የለም፤ እሳቸው ራሳቸው ፈቅደውልኛል። የበደልሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ፈተናው ያለቀ ዕለት በሩ ላይ ጠበቅኋት። እየሳቀች ወጣች፤ ሒሳቡ ቀለለኝ አለች። ከእኔ የሚጠበቀው እማሽ ታመዋል፣ ሂጂ ማለት ብቻ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከሄደች ሁለቱ ይነጋገራሉ። ከተነጋገሩ እሷ አትምጪ አለመባሏን፣ እሳቸውም አለመረሳታቸውን ያውቃሉ። በመካከላቸው የምቆመው ሐሰተኛ እኔ ነኛ። ስለዚህ ደክመሻል፣ ጓደኛዬ ዘንድ ትንሽ ዕረፊ ብዬ ሾዋክ ከተማ ላክኋት። አውቶቡሱ ላይ እኔው ራሴ አሳፈርኋት። በመስኮት እጇን ስታወዛውዝልኝ እኔም አወዛወዝሁላት።

ሐጃ ቶሎ ቢሞቱ ኖሮ አልደረሰችም ብዬ እጽናና ነበር። ግን ቆዩ። እንዳሉት ቆዩ። የልብስ ሰፊው ሚስት ሃያት አትክልት ተራ ድረስ መጥታ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ፣ ማስተዋል የት አለች ብላ ጠየቀችኝ። ነገ ትመጣለች አልኋት። በማግስቱም ያንኑ አልኋት። ሾዋክ ሩቅ አይደለም። በስልክ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያንን ቃል ምን ነካው? ምላሴ ለስድብ፣ ለዋጋ፣ ለሐሜት መቼ ሰንፎ ያውቃል?

ሐጃ በመጨረሻ ሲሞቱ የሐዘን ቤታቸው ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥሁ። ከከሰላ የመጡ አንዲት ዘመዳቸው፣ ከዲጃ፣ ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ አለችኝ ትለን ነበር፣ የትኛዋ ናት፣ እንድናጽናናት አሉ። ሁሉም ዞሮ አየ። ቦታው ባዶ ነበር፤ ለልጅ የሚተወው ቦታ።

«እንዲያው በፍቅር ሲሉ ነው እንጂ ልጅ እንኳ የላቸውም» አልሁ።

ሃያት አየችኝ። ማሩን ያቀረበችው እሷ ነበረች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ምንጣፉ አወረደች፤ አላጋለጠችኝም። ብዙም ሳይቆዩ እሷና ባሏ ከተማውን ለቀው ሄዱ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል፤ እኔ ጠጠሩን እንኳ ከመቃብራቸው ላይ አንስቻለሁ።

ማስተዋል ከሾዋክ ስትመለስ ሐጃ ድንገት ሞቱ አልኋት። ቁጭ አለች። ከዚያ «ምን አስቀይሜያቸው ነበር?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኋት።

ዛሬ ያ ትምህርት ቤት ከጦርነቱ ሸሽተው ከካርቱም የመጡ ሰዎች መጠለያ ሆኗል። ማስተዋል ነርስነት ተምራ እነሱን ትረዳለች፤ በዚያው እኔ በመረጥሁላት ግቢ ውስጥ። ምርጫዬ ልክ ነበር፤ ይህም ይቆጨኛል። አሮጊቶቹ ይወዷታል አሉ። አንድ ቀን እግሯን እየታጠበች፣ ሰው መጀመሪያ ይወደኛል፣ በኋላ ምን እንዳደረግሁት ሳላውቅ ይርቀኛል አለችኝ። ይህን ያስተማራት ሱዳን አይደለም፣ ጦርነቱም አይደለም። ሙዲራዋም አይደሉም። እኔ ነኝ።

አሁን ይቅር ይበሉኝ ልበልዎት? እርስዎን ምን በደልሁዎት? ሐጃ የሉም። ያለችው ማስተዋል ናት። ይህን ደግሞ የምጽፈው በአማርኛ ነው። ልጄ አማርኛ እንደ እኔ ትናገራለች፤ ፊደሉን ግን አትለይም። የመረጥሁላት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በዐረብኛ ነው፤ እኔም እስኪ ላስቆጥርሽ ብዬ አላውቅም። ስለዚህ ወረቀቱን ብታገኘው እንኳ አታነበውም። ይህንን አውቄ ነው የተቀመጥሁት። ድፍረት እንዳይመስልዎት።

ከሥራ ተመልሳ ግቢው ውስጥ የነጭ ልብሷን እጅጌ እያሸች ነው። አሁን ቀና ብላ «እናኑ፣ ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ።

«ከገበያ የምገዛውን ነው» አልኋት።